ወፏ ትውጣ

ባለፈው እሑድ በእድራችን አዳራሽ ስለ ሌባ ተሰብስበን ነበር። ሰፈራችን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሌባ በዝቶበታል፤ የአንዱ የውሃ ፓምፕ፣ የሌላው የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የእኔም ከበር ጀርባ የተንጠለጠለች ዣንጥላ ሳትቀር ሄዳለች። ስብሰባ አልወድም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ ጭራሽ ጠላሁት፤ ሰው ሁሉ ተናግሮ ሲደክመው ወደ እኔ ዞሮ «እስቲ ጋሼ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት» ይላል። ሠላሳ ዓመት ጥብቅና ቆሜ ያተረፍኩት ይህንኑ ነው።

የዚያን ቀንም አንዱ ተነሥቶ ሌባ የበዛው ቅጣቱ ስለላላ ነው አለ። ሌላው እስር ቤት ገብቶ የሚወጣ ልጅ ሌብነቱን ተምሮ እንጂ ትቶ አይወጣም ሲል ተከራከረው። አንዲት እናት ደግሞ ልጆቹ ሥራ ቢኖራቸው የሰው ሽቦ ምን ያደርግላቸው ነበር ብላ ተቀመጠች። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ነበራቸው፤ ስብሰባ የሚያረዝመውም ይኸው ነው። በመጨረሻ የእድሩ ጸሐፊ፣ ብረታ ብረት ቤት ያለው ወጣት፣ ከወንበሩ ሥር ቢጫ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ሳጥን አወጣ። ራሱ በይዶ የሠራው ነው፤ ቁልፍም አበጅቶለታል። ሌባውን የሚያውቅ ሰው የራሱን ስም ሳይጽፍ ጠቁሞ እዚህ ውስጥ ይጣል አለ። ሰው አጨበጨበ። አንድ አዛውንት ብቻ፣ በክፋት ስሜን ጽፎ የጣለውን ሰው ሳላየው ልጠየቅ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ እንደተለመደው ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እንዲህ ላለው ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ መልስ ነበረኝ፤ የተከሰሰ ሰው ከሳሹን ይይ፣ ምስክሩንም ፊት ለፊት ይጠይቅ። ስንት ችሎት ላይ ብዬዋለሁ፤ አንዳንዴም ረትቼባታለሁ። ያን ዕለት ግን ከአፌ ልትወጣ ስትል እናቴ ትዝ አለችኝና «ለሚመጣው እሑድ ላስብበት» ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዉ እርጅና መስሎት በትሕትና ተወኝ።

እናቴን ያስታወሰኝ ነገር ሲሆን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩበት አገር ለጎንደር ከምትቀርበው ከትክል ድንጋይ ከተማ በላይ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እኔ ጎንደር ከተማ ክፍል ተከራይቼ እየተማርኩ ለክረምት ብቻ ወደ ቤት እገባለሁ። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ ተቋቁሞ ነበር። የታሪክ መምህራችን በየሐሙሱ ለሁለት ከፍሎ ያከራክረናል፤ የሞት ቅጣት ይቅር ወይስ ይቆይ፣ ሌባ ይታሰር ወይስ የሰረቀውን ክሶ ይለቀቅ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። እኔ በየትኛው ወገን ብመደብ ግድ አልነበረኝም፤ መናገሩ ነበር የሚጥመኝ። ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረችው ግን አንዷ ነገር ናት፤ ሰው በማያየው ምስክር አይፈረድበትም የምትለው። ብቻዬን በመንገድ ስሄድ እንኳ ጮክ ብዬ እላት ነበር።

አባቴን ገና በሕፃንነቴ ስላጣሁ ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ ወንድሟ አያ ባዜ። በየሁለት ሳምንቱ ስንቄን በአህያ ጭኖ ጎንደር ድረስ የሚያደርስልኝ እሱ ነበር። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ጾም ካልሆነ ደግሞ በቅል የታሸገ ቅቤ። ከተከራየሁበት ቤት ደጃፍ ሲደርስ አህያዋን አቁሞ «የኛ ዳኛ የሚኖረው እዚህ ነው፤ ደኅና አድርገሽ እይው» ይላታል። የግቢው ልጆች በሳቅ ይንከባለላሉ፤ እኔም አፍር ነበር። ዛሬ ያን ድምፅ አንድ ጊዜ ብሰማው ምን እንደምሰጥ አላውቅም።

በዚያ ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ትክል ድንጋይ ድረስ ወርዶ ተቀበለኝ። ቦርሳዬን ከእጄ ነጥቆ ተሸከመ። ከወንዙ ስንደርስ፣ አዲስ ጫማዬን ጭቃ እንዳይበላው ብሎ እኔንም ተሸከመኝ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ለጫማዬ ከመሳሳት ይልቅ በራሴ ማፈር የነበረብኝ ይመስለኛል። በጀርባው እንዳለሁ፣ ጎበዜ የሚባለው በሬው ገደል ገብቶ እንደሞተበት ነገረኝ። ሁለት በሬ የነበረው ሰው አንድ ቀረው ማለት ነው፤ በእርሻ ወራት ደግሞ አንድ በሬ እንደሌለ ይቆጠራል። ያን ከተናገረ በኋላ ያ ተጫዋች ሰው እስከ ቤት ድረስ አንድም ቀልድ አላመጣም። 

ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ አያ ባዜ አንድ ጥቁር በሬ እየነዳ መጣ። ፍየሎቼን ሳንጃ ገበያ አውርጄ ሸጬ ገዛሁት አለ፤ ሰውም እንኳን ደስ ያለህ አለው። በዚያው ሳምንት የጎረቤታችን የአያ ደርሶ በሬ፣ ቡሬ፣ ከማደሪያው ጠፍቶ ነበር። ዛሬ ሲወራ ሕፃን ልጅም የሚገጣጥመው ነገር ነው። ያኔ ግን ማንም አልገጣጠመውም፤ አያ ባዜን የማይወድ ሰው በአገሩ አልነበረምና። የሁሉም ዓይን ያረፈው እንዳለው በሚባል ሰው ላይ ነው። እንዳለው ከኮላ ድባ በኩል ለአረም ሥራ መጥቶ በአያ ደርሶ ቤት የሚያድር፣ ዘመድ አዝማድ የሌለው፣ ከሰው ጋር ብዙም የማያወራ የቀን ሠራተኛ ነበር። በሬው በጠፋበት ቀን ደግሞ ትክል ድንጋይ ወርጃለሁ ብሎ እስከ ማታ አልታየም። ከዚህ በላይ ማስረጃ የፈለገ አልነበረም።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ማለት አገር ሙሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ የማይመለስበት የጥንት ሥርዓት ነው። በሕግ ቀርቷል ይባል ነበር፤ የእኛ አገር ግን አልሰማም። ሦስት ሽማግሎች በአንዲት ጎጆ ይቀመጣሉ። ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ይገባል፤ ምሎ ያየውን ይናገራል፤ ያላየም አላየሁም ብሎ ይወጣል። ሁሉም ስለሚገባ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። ሽማግሎቹ ሲወጡ የተናጋሪውን ስም አያነሡም፤ «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ነውር ነው።

የተሰበሰብነው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ወይራ ሥር ነው። ጭጋጉ እስከ እኩለ ቀን አልገፈፈም። የረጠበ ጋቢ ሽታ ሜዳውን ሞልቶት ነበር። ምግብ ወደ ቦታው አይመጣም፤ ሆኖም ባልቴቶቹ ከነጠላቸው ጫፍ የባቄላ ቆሎ እየፈቱ ለልጆች ሲያቀብሉ ሽማግሎቹ እንዳላዩ ይሆናሉ። እኔም በተራዬ ጎጆዋ ገብቼ የማውቀው የለም ብዬ ወጣሁ። እናቴ ከእኔ ቀድማ ገብታ ነበር። ስትወጣ አላየችኝም፤ ከሴቶቹ መካከል ሄዳ ተቀመጠች።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሎቹ ወጡ። የሚናገሩት አያ ፈንታ ነበሩ፤ ረጅም፣ ድምፃቸው ቀጭን፣ በአገሩ ነገር አዋቂ የሚባሉ ሰው። ወደ መሬት እያዩ ነበር የተናገሩት።

«ወፍ ነግራናለች። የደርሶን በሬ ወደ ሳንጃ ሲነዳ ያየሁት ባዜን ነው አለች።»

 አያ ባዜ አጠገቤ ነበር።  አህያ እየነዳ ስንቄን የሚያመጣልኝ፣ ወንዝ ያሻገረኝ ሰው ሌባ ተባለ፤ ያለውም ማን እንደሆነ አይታወቅም። ብድግ ስል አያ ባዜ የኮቴን ጫፍ ያዘኝ።

«ተው ልጄ፣ ተቀመጥ» አለኝ በሹክሹክታ።

እኔ ትሕትናው መሰለኝ። እጁን አስለቅቄ ወደ ፊት ወጣሁ። የተናገርኩትን ሁሉ አላስታውስም፤ ረጅም ነበር፤ እጄንም መምህራችን እንዳሳየን አወራጭ ነበር። ፍሬ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

«አባቶቼ፣ ሰው በማያየው ምስክር አይፈረድበትም። ወፏ እውነት አይታ እንደሆነ ትውጣ። ፊት ለፊት ትናገር፤ አያ ባዜም ይጠይቃት።»

መጀመሪያ ከጎረምሶቹ በኩል፣ ከዚያም ከየአቅጣጫው «እውነቱን ነው፣ ወፏ ትውጣ» የሚል ድምፅ ተነሣ። አያ ፈንታ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«አንተ ተማሪ፣ ይኸ ነገር ከአባቶቻችን የመጣው ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ ወፏን ካስወጣናት ነገ የሚነግረን አናገኝም» አሉ።

መልስ ነበረኝ፤ ያኔ ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ። ስም ማጥፋት ከዚህ በላይ ምቹ ጎጆ አያገኝም አልኩ፤ ሰው ሳቀ። አያ ፈንታ ሁለቱን ጓደኞቻቸውን አዩ፤ ሁለቱም በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ወፏ ካልወጣች ቃሏ አይያዝም ማለታቸው ነው። እኔም እንደረታሁ ገብቶኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አያ ባዜን ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ስድቡ ነው ብዬ አዘንኩለት።

በዚህ መሐል አያ ደርሶ ተነሡ። ባዜ ካልሆነማ ያው እንዳለው ነው፣ ነገ ጠዋት አስሬ ለፖሊስ አስረክበዋለሁ አሉ። ሁለት ጎረምሶች ገመድ ይዘው ወደ እንዳለው ሄዱ። እሱ ከሰዉ ዳር ቆሞ ነበር። አልሸሸም፤ እጁን ብቻ አስቀድሞ አቀረበላቸው። ይህን አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ግን ጆሮዬ ውስጥ አሁንም ሰው ያመሰግነኝ ነበር።

ከሴቶቹ በኩል እናቴ ተነሣች።

እናቴ አጭር ናት፤ ብትቆምም ከተቀመጡት ብዙም ከፍ አትልም። ነጠላዋን አስተካከለች፤ መቋሚያ እንደሚፈልግ ሰው ዙሪያዋን ቃኘች።

«ወፏ እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሎቹ እንድትቀመጥ በእጅ ምልክት ሰጧት። አልተቀመጠችም። ኪዳን ልታደርስ ስትሄድ ገና ሳይነጋ ወንድሟን ቡሬን ሲነዳ መንገድ ላይ እንዳገኘችው፣ ወዴት ነው ብትለው መሬት መሬት እያየ ሳንጃ እንዳላት ተናገረች። ጾሙ እስኪፈታ ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄዳ ራስህ ተናገር ብላ ለምናዋለች። ሁለቱንም ጊዜ እሺ ብሏት ነበር። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። አያ ደርሶ የገዛ ወንድምሽን እንዴት አስቻለሽ አሏት።

«ወንድሜን እወደዋለሁ። ለወንድሜ እኔ አለሁለት። ለዚህ ሰው ግን ማን አለው?» አለች፤ ወደ እንዳለው እያየች።

አያ ፈንታ ወደ አያ ባዜ ዞሩ። ተማሪው ይጠይቃት ብሏልና ጠይቃት አሉት። ለቀልድ አልነበረም፤ ደንቡ አንዴ ከተለወጠ በተለወጠው መሄዳቸው ነው።

«የምጠይቃት የለኝም» አለ አያ ባዜ። «እህቴ ዋሽታ አታውቅም።»

ያኔ ነው የገባኝ። ተቀመጥ ያለኝ ለራሱ ብሎ አልነበረም። ወፏ ማን እንደሆነች ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሚያውቃት እሱ ነበር፤ እህቱን በአገር ፊት እንዳላስቆማት ነበር የያዘኝ። የሰረቀው አጎቴ እሷን ሊሸሽግ ሲሞክር፣ ያልሰረቅሁት እኔ አወጣኋት። እናቴ ብቻዋን ቆማ፣ እኔ እንደተቀመጥኩ ነበር። ሄጄ አጠገቧ መቆም እችል ነበር። አልቆምኩም።

አያ ባዜ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ አንገቱ ላይ ተሸከመ፤ ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲያ ነው። በአያ ደርሶ እግር ሥር ተንበረከከ። በሬውን ሳንጃ ላይ በጥቁሩ እንደለወጠው፣ የአንዱ በሬ ሞት ልቡን እንዳጠፋበት ተናገረ። ከዚያ ክርክሩ ቀጠለ። ጎረምሶቹና አያ ደርሶ ወህኒ ይውረድ አሉ። ሌባ አንድ ጊዜ ከታለፈ አገር አያድርም፣ ለድኻ ሲሆን ገመድ፣ ለዘመድ ሲሆን ምሕረት ምን የሚሉት ፍርድ ነው አሉ። ይኸኛው ነገራቸው እስከ ዛሬ ያከራክረኛል። ሽማግሎቹ ደግሞ ባዜ ቢታሰር የደርሶ ማሳ አይታረስም፣ የባዜ ልጆችም ለልመና ይወጣሉ አሉ። በስተመጨረሻ ጥቁሩ በሬ ለአያ ደርሶ እንዲሰጥ፣ አያ ባዜም አንድ ዓመት ሙሉ የእሳቸውን ማሳ እንዲያርስ ተበየነ። አያ ፈንታ ቀጥለው ከእንዳለውም ታረቅ አሉት። አያ ባዜ ድንጋዩን እንደተሸከመ ሄዶ ተንበረከከለት። እንዳለው መጀመሪያ የሚያደርገው ጠፋው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት።

ቅጣቱ ለአያ ባዜ አንድ ዓመት ነበር። ለእናቴ ከዚያ በለጠ። የአያ ባዜ ሚስት ከእኛ ቤት እሳት እንኳ መጫር ተወች። የማርያም ማኅበርተኞቿ ጽዋው እሷ ቤት የሚደርስበትን ወር በዘዴ ዘለሉት። ውሃ ስትቀዳ ልጃገረዶቹ ከኋላዋ «ወፊቱ መጣች» ይባባላሉ። ደንቡ የተሠራው ይህንን ሁሉ እንዳታይ ነበር፤ ያን ደንብ ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

መስከረም ላይ ወደ ጎንደር ስመለስ ስንቄን ተሸክማ እስከ ትክል ድንጋይ ሸኘችኝ፤ አያ ባዜ የአያ ደርሶን ማሳ እያረሰ ነበርና። መንገዱ ሁሉ አደይ አበባ ነበር። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ነበር የምሄደው። ከወንዙ ስንደርስ ይቅርታ ልጠይቃት ጀምሬ አለቀስኩ። ስንቁን አወረደችና በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ።

«ምነው ታለቅሳለህ? ስትናገር እኮ ሸጋ ነበርህ» አለችኝ።

«እኔ እኮ ነኝ ያስወጣሁሽ።»

«ያልከው እውነት ባይሆን አልነሣም ነበር» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ «ሰው ስታስነሣ ግን አብረህ ተነሣ» አለችኝ። ከዚያ ስንቁን ተሸክማ ቀደመች፤ እንድቀበላት እንኳ አልፈቀደችም።

ዓመቱ ዞሮ አንድ ቅዳሜ፣ ደጃፌ ላይ የአህያ ኮቴ ሰማሁ። አያ ባዜ ነበር። ስለ «ዳኛው» ለአህያዋ የሚያወራላት ነገር ትንሽ ቀንሷል፤ ድርቆሹ ግን ያው ነው። ከእናቴ ጋር የታረቀው በዚያው ሰሞን ነው፤ ቤቷ ሄዶ ሳይናገር ጣሪያዋን ሲከድንላት ዋለ። ከብዙ ዓመት በኋላ እሷ ስታርፍ፣ ሽበቱ የወረሰው አያ ባዜ ከሬሳው ፊት ፊት እየሄደ «ወፌ፣ ወፌ» እያለ ነበር ያለቀሰላት። ስድቡን መጀመሪያ ቁልምጫ ያደረገው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ስጽፍ ሐሙስ ነው። ዛሬ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሙሉነሽ ናት፤ ከመንገዱ ማዶ ጉልት ላይ ጎመንና ቃሪያ የምትሸጥ ጎረቤቴ። ለመግባት አመነታች፤ እጇን በቀሚሷ ደጋግማ ጠረገች።

«ጋሼ፣ እኔ መጻፍ አልችልም። ያ ሳጥን ለእኔ አይሆንም» አለችኝ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሽቦው ያለው ከእኛ ቤት ነው። የኔው ልጅ ነው። በእሱ ጥፋት የሌላ ሰው ልጅ ይያዛል እያልኩ መተኛት አቃተኝ» አለች።

ሠላሳ ዓመት የተከራከርኩባትን ሐሳብ ዛሬም አልጣልኳትም። የሙሉነሽ ልጅ ምን እንደተባለበት መስማት፣ መልስም መስጠት አለበት። እሑድ ሳጥኑን እቃወማለሁ። የሚያውቅ ሰው ለእኔ ይንገረኝ፤ እኔም ሄጄ አጣርቼ ያገኘሁትን በስሜ እናገራለሁ፤ የሚጠይቅ ካለም እኔን ይጠይቅ እላለሁ። ሰዉ ይቀበለኝ እንደሆነ አላውቅም። ለእናቴ ግን ይህን ሥራ ማን ሊሠራላት ይገባ እንደነበር አውቃለሁ።

ሙሉነሽ አሁንም ደጃፍ ላይ እንደቆመች ነበር። ስሟ ይነሣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይነሣም አልኳት። ቤት ውስጥ ያለው ወንበር የእኔው ብቻ ስለሆነ እሱን አምጥቼ አስቀመጥኳትና እኔ አጠገቧ ቆምኩ። ጉልበቴ እንደሚያመኝ ታውቃለችና «ምነው ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለችኝ። ተይኝ ልቁም አልኳት።